መድኃኒቱ ውኃ ነው በማለቴ የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የሰብል ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የባልደረቦችዎ ጤንነት፣ በጎመን ማሳችን ላይ እንደ ሰፈረው ተባይ፣ ምንም የማይበግረው እንዲሆን እመኛለሁ። ብዕር ያነሣሁት ባለፈው ዓመት በዚሁ ጋዜጣ «የሚረጨው መድኃኒት ውኃ ነው» ብዬ የጽሕፈት ቤቱን ስም ስላጠፋሁ በአደባባይ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

መድኃኒቱ ውኃ አለመሆኑን ያስረዳችኝ በቤተ ሙከራ የምትሠራው የእኅቴ ልጅ ናት። ከእናቷ ማሳ ክሽክሽ የሚባለውን ቅጠል መጣጭ ወስዳ ስትመረምር፣ መርዙን ይዞ የሚሰባብር ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ መል፣ በሌላው ክሽክሽ ውስጥ አንድ ሲሆን በእኛዎቹ ውስጥ ተደጋግሞ ተቀድቶ ከአርባ በላይ ሆኖ አግኝታዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገልሁ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ አንድ ሰነድ ይጠፋል፣ አርባ ቅጂ ያለውን ሰነድ ግን እሳትም አይጨርሰው። መድኃኒቱ ቅጂዎቹን አልፈጠረም፤ ቅጂ የሌላቸውን እየገደለ ባለ ብዙ ቅጂዎቹን ለዘር አስቀረ እንጂ።

ስለዚህ ምስጋናዬን ከጥርጣሬዬ ጋር በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስድስት ወቅት በተከታታይ አንድ መድኃኒት በመርጨት ደካማውን ክሽክሽ አስወግዳችሁ ጠንካራውን ስለ መረጣችሁልን እናመሰግናለን። ገበሬ ምርጥ ዘር ለማውጣት ዕድሜውን ይፈጃል፤ እናንተ በሦስት ዓመት ጨረሳችሁት። «መጠኑ ይጨመር» ብዬ ሁለት ጊዜ ያመለከትሁት እኔ ነኝና ከምስጋናው ድርሻዬን አልሸሽም።

፪ኛ. ዘንድሮ «አዲስ መድኃኒት» ተብሎ ክዳኑ ቀይ የሆነ በርሜል መጣ። መነጽሬን ወልውዬ በግርጌው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ፣ ንጥረ ነገሩ የአምናው ራሱ ነው። የዘነጋችሁ ነው እንዳልል፣ በአምናው ስም ላይ አዲሱን ወረቀት አስተካክሎ የለጠፈ እጅ አለ።

፫ኛ. የምርመራው ውጤት ከደረሳችሁ ስምንት ወር ሆኖታል፤ የተረከባችሁበት ፊርማ ያረፈበትን መሸኛ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኅቴ ልጅ ለገበሬው ታሳውቃላችሁ ብላ ስትጠብቅ፣ እናንተ ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ረጫችሁ። ለጥያቄዬ የሰጣችሁኝ መልስም «አምራቾች ማሳቸውን በአግባቡ ባለማጽዳታቸው ምክንያት የተከሰተው የተባይ መብዛት» ይላል። ባለቤት አለው፣ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ዐረፍተ ነገሩን እንኳ እንዳትጨርሱ ያስፈራችሁ ምን ነበር?

፬ኛ. የዚህችው ልጅ እናት፣ ባሏ የሞተባት ታናሽ እኅቴ፣ ሁለት ምርት አጥታለች። በደንባችሁ መሠረት ሦስተኛ ጊዜ ያላመረተ ማሳውን ይነጠቃል፤ ርጭት የከለከለም ይነጠቃል። ባለፈው ባለሙያችሁ «አይዞዎት እማማ፣ ይኼኛው እንኳን ክሽክሽ በሬ ይጥላል» ቢላት፣ «በሬውንስ ይጥለዋል ልጄ፤ ያስቸገረኝ ክሽክሹ ነው እንጂ» ብላዋለች። የጣለውም ክሽክሹን ይበሉላት የነበሩትን ነጠብጣባም ቀይ ጥንዚዛዎች ነው።

ቀጣዩ ርጭት በወሩ ዐሥራ ስምንተኛ ቀን ስለሆነ፣ ውጤቱ ስለ ምን እንደ ተደበቀ የሚያስረዳ፣ ያ መድኃኒት ዳግመኛ እንደማይረጭና የእኅቴ ማሳ እንደማይነጠቅ የሚያረጋግጥ፣ በማሰሪያ አንቀጽ የተዘጋ የጽሑፍ መልስ እስከ ዐሥራ አምስተኛው ቀን እንዲደርሰኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ለእርስዎ ካለው አክብሮት የተነሣ የበርሜሎችዎን ግርጌ ሳያነብ የማያድር፣
ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሹም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ እርስዎን ለማግኘት ሦስት ሰዓት ስጠብቅ በበርዎ አጠገብ ያለውን የጽጌረዳ አጥር አስተዋልሁ። ዘበኛው እንደ ነገረኝ ተረጭቶ አያውቅም፤ ክሽክሹ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ቀይ ጥንዚዛ ግን ሰባት ቆጥሬያለሁ። በሥራ ሰዓት በግቢዎ ሲሠሩ ያየኋቸው እነርሱን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ለእኅቴ በትውስት እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ።