እስከ ሐምሌ ስድስት

ሰኔ ፳፭ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.
ኮልፌ

ይድረስ ለልጄ ለደመቀ፣

አንተ ሆዴ፣ እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እንቢ አለኝ። እኛ ደህና ነን። ያላየሃት ልጅህ ሰብሌ ጉንጯ ተነፍቷል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን።

ሚስትህ ሰርኬ ፊደል ስላልቆጠረች ጸሐፊዋ እኔው ነኝ። በእርጅናዬ መሠረተ ትምህርት ስገባ ስትስቅብኝ አልነበር? ይኸው ጠቀመ። አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ ታጠባለች። ምን ጻፉለት ስትለኝ ስለ ክረምቱ ነው እላታለሁ።

ከግንባር ጌታሁን መጥቶ ነበር፣ አብሮህ የዘመተው የሳንሱሲ ሰፈሩ ልጅ። አንድ እጁን እዚያው ትቶት ነው የመጣው። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ፌርማታው ላይ አገኘኝና እግሬ ላይ ወደቀ። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ከሰርኬ ጆሮ ቢደርስ እረግምሃለሁ ብዬ፣ አስምዬ ሸኘሁት።

ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። የአባትህን ሞት ሲያረዱኝ ታናሽህ ይገዙ የሦስት ወር ልጅ ነበር። ጡቴ በማግስቱ ደረቀ። የላም ወተት በውሃ አቅጥነን ሰጠነው፤ ሆዱ ተበጠበጠና በሳምንቱ ቀበርነው። መርዶ የገባበት ጡት ልጅ አያሳድግም፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

ሰብሌ እንደተወለደች ነርሷ አልማዜ፣ ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት በቀር ውሃም እንዳታቀምሷት ብላን ነበር። እኔማ ተቆጣሁ! እኛ ጎጃም የተወለደ ልጅ መጀመሪያ ቅቤ ነው የሚውጠው። የሰርኬ እናት ደግሞ የተልባ ውሃ ይዛ መጥታለች። እዚህ ከተማ ደግሞ ጡጦ የያዘ ሁሉ ይኮራል። አልማዜ ሳቀችና፣ «እትዬ ወለተጻድቅ፣ የሚያቀምሱት እንደየአገሩ ነው፤ ይዘውልኝ የሚመጡት ተቅማጥ ግን አንድ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም ነበር። ጎረቤታችን ፅጌ ወደ ፋብሪካ ሥራዋ ስትመለስ ልጇን ለጡጦ ሰጠችው። የዱቄት ወተቱ ከቀበሌ ሱቅ ሲጠፋ እያቀጠነች አጠጣችው። ግንቦት ላይ ትንሿ ሳጥን በበራችን አለፈች። ከዚያ ወዲህ አፌን ያዝኩ።

ሐምሌ ስድስት ስድስት ወሯ ይሞላል። እስከዚያ ሰርኬ እንዳትሰማ ብቻ ነው የምለምነው። ራዲዮኑን ባትሪው አልቋል ብዬ ቆለፍኩበት። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ከበር እመልሳለሁ። እንባዬ ሲመጣ ለቅሶ ቤት ፈልጌ እሄዳለሁ። ባለፈው ዘነበወርቅ ሰፈር ድረስ ሄጄ ለማላውቀው ሽማግሌ ደረቴን ስደቃ፣ ዘመዶቹ «እኚህ እናት የማን ናቸው?» ተባባሉ። የማን እንደሆንኩ አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ።

አንድ ነገር ግን አስፈርቶኛል። ሰርኬ ቅዳሜ ቅዳሜ «ደብዳቤ መጣ?» ማለት ትታለች። ይኸው ሁለት ቅዳሜ። አጥሚቱን ሳትፈልገው ትጨልጠዋለች። እያቅለሸለሸሽ ምን አስጨነቀሽ ስላት፣ «ለወተቱ ነው» ትላለች፤ ዓይኗን ግን አታሳየኝም።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወስደውም፤ ከሳጥኔ ሥር ከሌሎቹ ጋር አኖረዋለሁ። ያለህበትን ቦታ ብርሃን ያድርግልህ። እመብርሃን አንተንም ይገዙንም በአንድ ላይ ትቀበልልኝ።

እዚህ ላይ ልፈርም ስል ሰርኬ ልጅቷን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችና፣ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ አሥራ አንድ ቀን ቀረን እኮ፤ አይዞዎት» አለችኝ።

ለካ እሷም እንደኔው ቀን ስትቆጥር ኖራለች፤ አጥሚቷን ላሞቅላት ልነሣ።

እናትህ ወለተጻድቅ