ለእንግዳ የማይታየው ዓሣ

ይድረስ ለክቡር አባቴ ለአቶ ከፈለኝ፤ አርባ ምንጭ።

አባቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያብጠውን የግራውን ማለቴ ነው። እናቴ ጾሙ አልከበዳትም? ዓይኗን ታከመች ወይስ ዛሬም «ነገ፣ ነገ» እያለች ነው? ኢሳይያስስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ሚዛን ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ደህና ነው ብዬ ብዋሽዎ እንኳ ከእጅ ጽሕፈቴ ያውቁብኛል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ» ብለውኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ፣ አቶ ዓባይነህ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ናቸው እንጂ ንጉሥ አይደሉም። የሰሙት ከሰው ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ።

ከቴፒ ወዲያ ጫካው መሃል ያለውን ሐይቅ እንዳጠና የተመደብኩት የዛሬ ዓመት ከአራት ወር ነው። በወር ሁለቴ እሄዳለሁ። ስንት መረብ እንዳደረ እጠይቃለሁ፣ የወጣውን ቆሮሶ ዓሣ እቆጥራለሁ፣ ርዝመቱን እለካለሁ፣ ሆዱን ከፍቼ እንቁላል መያዝ አለመያዙን አያለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የምናወጣው የሚተካውን ያህል ነው ወይስ ዘሩን እየበላን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚቀርብልኝ ዓሣ ሁሉ ክንድ የሚያህል ነበር። ደስ ብሎኝ «ሐይቁ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ወር መኪና ቀንቶኝ ከተለመደው ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። የአጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ጀይላን ታንኳው ላይ ጎንበስ ብሎ ትንንሹን እየለየ ጆንያ ውስጥ ይከታል፤ ጆንያውንም በኮባ ቅጠል ይሸፍናል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው አፍሮ አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ እንግዳ ፊት ጣት የምታህል ዓሣ ማቅረብ ነውር አይደለም እንዴ? ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ናት ብለን ትልልቁን እየመረጥን ነው የምናሳይሽ» አለኝ። አጠገቡ ያለው ደግሞ «እኛማ ወስደሽ የምትበዪው መስሎን ነበር!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቴፒ እስክመለስ ግን ዕንባዬ አልቆመም። ሦስት ወር ሙሉ የለካሁት የሰዎቹን ጨዋነት ነበር። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ታንኳ ላይ ያደግሁ ልጅ ዳር ቆሜ መጠበቅ አልነበረብኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መረቡ ሲነሣ አብሬ ታንኳ ላይ ነኝ። የሦስቱን ወር ገጾች በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ያኔ አንድ መረብ አሥራ ስምንት ዓሣ ይዞ ያድር ነበር፤ ዛሬ ሰባት ነው። መዳፌን የማታህል ቆሮሶ እንቁላል ይዛ አገኛታለሁ፤ ለማደግ ጊዜ አጥታ በልጅነቷ የምትወልድ ማለት ነው። አርባ የነበረው መረብ መቶ አሥር ደርሷል፤ ቀዳዳውም ሁለት ጣት አያሳልፍም። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ደግሞ የሚዛን ሆቴሎች ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላሉ። መረቡ ስለበዛ በጠቅላላው የሚመዘነው ኪሎ ጨምሯል፤ ጽሕፈት ቤታችንም «ምርት አደገ» ብሎ ያጨበጭባል።

ይህን ሁሉ በሪፖርት ሳቀርብ አቶ ዓባይነህ የሰረዝኳቸውን ሦስት ወራት መልሰው አስገቡ። የመረቦቹን ቁጥር የያዘውን ዓምድ ከሠንጠረዡ አወጡት። «ሐይቁ ተጨማሪ ስልሳ መረብ ይችላል» ብለው ጻፉና ሽፋኑ ላይ የእኔን ስም አስፍረው ፈርሚ አሉኝ። እምቢ ስል በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ያኔ ተሳስቼ ነበር ካልሽ ዛሬ አለመሳሳትሽን በምን እናውቃለን? ለመሆኑ ሴት ልጅን መረብ ላይ ምን አወጣት?» አሉኝ። በሳምንቱ የከብት ክትባት መዝጋቢ ሆነሽ ወደ ቱም ተዛውረሻል የሚል ወረቀት ደረሰኝ፤ ቱም ከሐይቁ እጅግ ሩቅ ናት። ከፈረምኩ ዝውውሩ ይቀራል።

እርስዎ በሽምግልና የላኳቸው ወዳጅዎ ጋሽ አዲሱም ከአማን መጥተው አቶ ዓባይነህን አነጋገሯቸው። ከዚያ እኔ ዘንድ መጡና «ልጄ፣ ሰውየው ልቡ ሰፊ ነው፤ ይቅርታ ጠይቂ ብሎሻል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያጠፋሁት ምንድን ነው?» ብላቸው «እሱንስ አልነገረኝም» አሉ።

አባቴ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን አሮጌ መረብ ያስታውሳሉ? ሦስት ጣት የሚያሳልፈውን? ሰቅለውት ጠባቡን የገዙ ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። «ሁሉ ጠባብ ሲጥል የእኔ ሰፊ ለማን ያተርፋል?» አሉ። ዩኒቨርሲቲ ልገባ የሸኙኝ ዕለት ግን የአርባ ምንጩን ሐይቅ እያዩ «ዓሣው ሲያልቅ አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ» አሉኝ። ይህን ትምህርት ያስመረጠችኝ ያቺ ቃልዎ ናት። አሁን እንዴት ዝም በዪ ይሉኛል?

የስልሳው መረብ ፈቃድ የሚወሰነው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ በአጥማጆቹ ስብሰባ ነው። አልፈርምም። እሄዳለሁ፤ እናገራለሁም። ጀይላን መጀመሪያ «የልጆቻችንን እንጀራ ልትዘጊ ነው?» ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። በቀደም ግን የአንድ ሌሊት መረቡን በሙሉ አንስቶ አንድ ቅርጫት አልሞላለት ሲል ወደ እኔ ዞሮ «በስብሰባው ዕለት ጆንያውን አመጣለሁ፤ ከጽሕፈት ቤቱ በሚመጡት እንግዶች ፊት እዘረግፈዋለሁ» አለኝ። ይሰሙን አይሰሙን አላውቅም። ግንቦት ቱም ያገኘኝ ይሆናል። እፈራለሁ፤ ከእርስዎ አልደብቅም።

እናቴን ጉልበቷን ስመው «ዓይንሽን ካልታየሽ ራሔል አኩርፋለች» ይበሉልኝ። ኢሳይያስ ሒሳቡን እንዳይተው፤ ሒሳብ የማያውቅን ሰው በዓምድ ያታልሉታል። ጎረቤታችንን ወይዘሮ ማናልሞሽን ከነልጆቻቸው ሰላም ይበሉልኝ።

እርስዎን የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ ላላጠፋሁት ይቅርታ አይጠይቁልኝ፤ ጋሽ አዲሱንም ይበቃል ይበሏቸው። ሽማግሌ ካልላክሁ አይሆንልኝም ካሉ ግን ያንን አሮጌ መረብ ከግድግዳው ያውርዱና ለሾፌር ሰጥተው ይላኩልኝ። ሐሙስ ዕለት እሱ ይሸምግለኝ።

ልጅዎ ራሔል ከፈለኝ
ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.