የቀኛዝማች ሹራብ

ለምወድሽ እህቴ ለጽናት፣ እንደ ጓሳ ሣር የበዛ ሰላምታዬ ካለሽበት አዲስ አበባ ይድረስሽ። እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

አሁን ነጠላሽን አዘቅዝቂና ተቀመጪ፤ ከባድ መርዶ አለኝ። ቀኛዝማች ተራቆቱ! አዎ፣ ያ ቀንዳሙ በጋችን። አገር ሁሉ በግ የሚሸልተው ውርጩ ሲያልፍ ነው፤ አባባ ግን በታኅሣሥ ሸለቷቸው። ጠጉሩንም ሞላሌ ወስደው ሸጡና የሦስት ወር የመብራት ሂሳብ ከፈሉበት። ቀኛዝማች ሲንቀጠቀጡ አሳዘኑኝና ትተሽው የሄድሽውን ቀይ የትምህርት ቤት ሹራብሽን አለበስኳቸው። እሑድ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተከተሉን። ዓይናቸው የደከመው እማሆይ ምንዳዬ፣ "ውይ፣ ጽናት መጣች እንዴ?" ብለው ሊስሟቸው ምንም አልቀራቸው!

ሠርግሽ እስካሁን ይወራል። አባባ፣ "ጎረቤቴ አንድ ሰንጋ ከጣለ እኔ ሁለት እጥላለሁ" ያሉት ትዝ ይልሻል? ሁለተኛውን በዱቤ የሰጡን አያ ወሰኔ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሳይወዱን አይቀሩም፤ ባለፈው ቅዳሜማ የእርሻ በሬያችንን አፍ ከፍተው ጥርሱን ሳይቀር አይተው ሄዱ። አባባ፣ "ለጽናት ትንፍሽ እንዳትል፣ ገና ሙሽራ ናት" ስላሉኝ እኔም ምንም አልነገርኩሽም።

ለባልሽ ለአወቀ ሰላም በይልኝ፤ ከሁለቱ ሰንጋ አንዱን ብቻውን የጨረሰው እሱ ነው።

በይ አትስጊ፣ እኔ እያለሁ! ያ ሁሉ መርዶ ያልኩሽ የአንድ በግ ጠጉር ነው። ጠጉር ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል።

ደህና ሁኚልኝ።
ወንድምሽ ምንይሉ