ሽማግሌ ሳይላክ ለእማዬ ንገራት

ለውድ ወንድሜ ለሳህሌ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም እየጎተትክ ነው የምትሄደው? ባለቤትህ ዓለምነሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷስ? ደም ግፊቷስ? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች? እኔ ተመስገን ነው፤ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። ልጄ ሀሴት ትምህርቷ ላይ ናት። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን በደብዳቤ የምልህ በስልክ ስላልተቻለኝ ነው። በደወልኩ ቁጥር እማዬ አጠገብህ አለች፤ ወደ ነገሩ ልገባ ስል አንተ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። ጎረቤቴ ሳራ አባቷን ልትጠይቅ ወደ ዝዋይ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ቀስ እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ አንተም ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

መርዶው የደረሰኝ የመስቀል ዕለት ማለዳ ነው። የሥራ ልብሴን ለብሼ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ፓስተራችን ቆመዋል፤ ከኋላቸው በመኪናው ሥራ የሚያደርሰኝ ጋሼ ጎሳዬ አለ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ደረጃውን ሞልተውታል። ወደ ልቤ የመጣው የእማዬ መርዶ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ለእሱ ልቤ ትንሽ ተሰናድቶ ነበር። እናቴን ብዬ መጮህ ስጀምር ነው ጋሼ ጎሳዬ ትከሻዬን ይዞ «ፊልሞን ነው» ያለኝ።

ልጄ የሞተው ቅዳሜ ነበር ሳህሌ። መጀመሪያ የተነገራት ሀሴት ናት። እሷ የዚህ አገር ልጅ ስለሆነች ወዲያው ልትነግረኝ ተነሥታ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው የያዟት። «በእኛ ባህል እንዲህ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው» አሏት። ልጅቷ ሆዴን አመመኝ ብላ ክፍሏ ገብታ ተቀመጠች፤ እኔ ደግሞ ዝንጅብል አፍልቼ አቀርብላታለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቱ ሁሉ አንገቴን አቅፎ አልለቅ አለኝ፤ አንዷ ድስት ሙሉ ወጥ አሸከመችኝ። ምነው ዛሬ ወደዱኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንዲት አሮጊት እያጠብኩ መዝሙር አንጎራጉር ነበር። በከተማችን በኮሎምበስ ከሊንደን እስከ ፒከሪንግተን ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እናቱ ብቻ ነኝ። አንተም እሑድ ደውለህ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራኸኝ። ታውቅ ነበር አይደል? ጋሼ ጎሳዬ ነግሮኛል።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ኮሎምበስ ባሕር የለ፣ እንዴት ባሕር በላው እያለ ይጠይቀኛል። አንዱ እንዲያውም ዋና አይችልም ነበር እንዴ አለኝ። ሰልችቶኛል። ለአንተ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ለሚጠይቅህ ሁሉ አንተ ንገርልኝ።

ፊልሞን ይሠራ የነበረው ከእኛ ቀን ሙሉ በመኪና ተሂዶ ከሚደረስበት አገር፣ ትልቅ ወንዝ ከባሕር ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ውሃው እጅግ ሰፊ ነው፤ ማዶው አይታይም። ትልቅ መርከብ የሚያስኬደው ጥልቁ ቦታ ግን እንደ ሽንኩርት ማሳችን ቦይ ጠባብ ነው። የሚወጣውም የሚገባውም በዚያችው ቦይ ነው፤ እንደ መኪና ሁሉም ቀኙን ይዞ ይሄዳል። ዳር ላይ እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚቆጣጠር ቢሮ አለ። እያንዳንዱ መርከብ ማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ በሬዲዮ ይናገራል፤ እነሱም አንተ ግባ፣ አንተ ውጭ መልህቅህን ጥለህ ቆይ ይላሉ። ፍሬን የለውማ፤ ትልቅ መርከብ ቁም ቢሉት ከዝዋይ ተነሥቶ አዳሚ ቱሉ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ነው የሚቆመው።

ከባሕር የመጣ መርከብ ደግሞ የቦዩን ጠባይ አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው በትንሽ ጀልባ ተወስዶ፣ መርከቡ እየሄደ፣ በገመድ መሰላል ይወጣበታል። ፓይለት ይሉታል። የኔ ልጅ ፓይለቱን የምታደርሰው ጀልባ ላይ ነበር፤ ሰውየው መሰላሉን እስኪይዝ ደግፎ የሚያቆመው እሱ ነው።

ያን ቀን ጭጋግ ነበር። አንድ ለመዝናኛ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ሰው ሞተሩ ቦዩ መካከል ጠፋበት። ሬዲዮ አለው፣ እጁ ላይ ነው፤ ግን አልተናገረም። አሁን አስነሣዋለሁ፣ ምን ይሉኛል፣ ይሥቁብኛል እያለ ሞተሩን ሲጎረጉር ቆየ። የጮኸው መርከቡ ከጭጋጉ ብቅ ሲልበት ነው። መርከቡ እሱን ላለመጨፍለቅ ዞረ፤ የፊልሞን ጀልባ ፓይለቱን አድርሳ ገና ከጎኑ ነበረች። ሲመታት ልጄን ውሃው ውስጥ ጣለችው። አስከሬኑ በማግስቱ ተገኘ፤ እዚሁ አምጥተን ቀበርነው። ዓሣ አጥማጁ ቤቱ ገባ።

ከቁጥጥር ቢሮው አንዲት ሴት ደውላልኝ ነበር፤ ሀሴት አስተረጎመችልኝ። ሴትየዋ እያለቀሰች ነበር። ሰውየው ሞተሩ እንደጠፋ ቢናገር ኖሮ መርከቡን ውጭ እናቆመው ነበር፣ ቦታውም ጊዜውም ነበረን አለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ለትንሹም ለትልቁም ይጠራናል፣ የጠራንን ሰው ተቆጥተን አናውቅም፣ የሚጎዳን ዝም የሚለው ነው አለች። ሰውየውም ራሱ ይቅርታ ሊጠይቅ ደውሎ ነበር። አፍሬ ነው አለኝ። አመንኩት። ምን አደርገዋለሁ?

እንግዲህ አንተ ጋ መጣሁ። ባለፈው ስደውል እማዬ ስልኩን ተቀብላህ ያለችኝን ሰምተሃል። «የመምህር ሰይፈሥላሴን ልጅ ማራኪን አይቼለታለሁ፤ ፋርማሲ ነው የምትሠራ፣ ደግሞ ሰው ታከብራለች፤ ለገና ሽማግሌ እልካለሁ። ያ የባሕር ሰው ግን ድምፁን አጠፋብኝ፤ ተቀይማሃለች በይልኝ» አለችኝ። አንተ ከኋላ «ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም እኮ እማዬ» ትላለህ። የልጄ እንጀራ በሬዲዮ መነጋገር ነበር፤ አንተ ኔትወርክ የለም ትላለህ። እኔም እሺ እማዬ፣ እነግረዋለሁ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ጠላሁት።

ሳህሌ፣ ለሞተ ሰው ሚስት ልትጠየቅ ነው። ሰው ቤት ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። መምህር ሰይፈሥላሴ እሺ ቢሉ ምን ልትል ነው? ከዚያስ ለእማዬ የቱ ይከብዳታል፣ የፊልሞን ሞት ወይስ በሰው ፊት መዋረዷ? ከሐዘን ትረፍ እያልክ ውርደቱን በየቀኑ ታስጠጋዋለህ እንጂ ሐዘኑን አታስቀረውም።

ደም ግፊቷ ይነሣል ትለኛለህ። እማዬን አታውቃትም ማለት ነው። አጎታችንን ቶሎሳን ሐይቁ የወሰደው ቀን አንተ ገና ታዝለህ ነበር፤ እኔ አይቻለሁ። የከሰዓቱ ነፋስ ሲነሣ ከዳር ቆማ ነበር፤ ሰዎቹ ባዶ ታንኳ እየጎተቱ ሲመጡ አንድም ሰው አልደበቃትም። መሬት ላይ ወደቀች፤ ተነሣች፤ ድንኳን ጣይ፣ ንፍሮ ቀቃይ እሷው ሆነች። አሁን አርጅታለች እንጂ ያቺው ናት። ሐዘን አይገድላትም። ተንቄ ነበር ማለት ነው የሚገድላት።

ደግሞ ሌላም አለ። ፓስተራችን ለሞተ ሰው አይጸለይም ይላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ከጎኔም አልተለዩም፤ ከእሳቸው ጋር ክርክር አልገጥምም። ነገር ግን ፊልሞንን በአርባ ቀኑ አቅፋ ወስዳ ክርስትና ያስነሣችው እማዬ ናት። የሞቱ አርባ ያለ አንድ ጸሎት አለፈ፤ ልታስጸልይለት የምትችለው እሷ አታውቅማ። ሰማንያው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ያ እንዳያልፍ።

ብቻህን አትንገራት። ዓለምነሽንና ጎረቤቶቹን ጥራ፣ ነጠላዋን አቀብላት፣ መድኃኒቷንም አስወጣት። ማለዳ ካልሆነ ብለህ ደግሞ አታሳድራት። ከዚያ ደውልልኝ፤ አብረን እናልቅስ። እስካሁን ከእናቴ ጋር አላለቀስኩም።

ለዓለምነሽ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልፋቷን አውቃለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ሞሚና፣ ሁልጊዜ እማዬን ስለምትጠይቅልኝ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ለእማዬ ሰላምታ አልልክም፤ ከነገርካት በኋላ እኔው በአፌ እላታለሁ።

አንተም፣ ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ሁሉም፣ እባካችሁ ለልጄ ጸልዩለት። ቄሱ ስሙን ሲጠይቁ ፊልሞን አትበሉ፤ የክርስትና ስሙ ሀብተማርያም ነው።

እህትህ ሰብለ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.