የፊታውራሪ ሽቶ ሱሪ አረንጓዴ ስለመሆኑ

ይድረስ በርገን፣ ኖርዌይ ለሚገኘው ለወንድም ጋሼ ግሩም።

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጭ ብለህ ልትሰማው የሚገባ ከባድ ዜና አለ። የፊታውራሪ ሽቶ ሱሪ አረንጓዴ ሆኗል። አንተ በገዛ እጅህ ቡኒ ቀለም የሰጠኸው፣ በየክፍሉ መጨረሻ ጣና ላይ ሲንሳፈፍ የኖረው ያ ሱሪ፣ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጎረምሳ ውሳኔ፣ ቤተሰብ ሳይጠየቅ፣ አረንጓዴ ተደርጓል። እኔ ዜናውን በጽናት ተቀብየዋለሁ። አንተም ጽና።

ከዚህ ቀጥሎ፣ እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? ጤናህስ? ወገብህስ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ለእማዬ የነገርሃት የእጅህ መሰንጠቅ ዳነልህ ወይስ አሁንም ያንን የዓሣ ሳጥን ያለ ጓንት ነው የምታነሣው? የጣና ዳር ልጅ ዓሣ ሊያጥብ ባሕር ተሻግሮ መሄዱ ለጋሽ አለበል እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ባገኙኝ ቁጥር «እዚህ ዓሣው አልቆ ነው?» ይሉኛል።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እኔ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሰው ሠርግ ካርድ እየሣልሁ የራሴን ስጠብቅ አለሁ። እማዬ ደኅና ናት፤ ደም ግፊቷን በመድኃኒት፣ ጎረቤቱን በቁጣ ይዛዋለች። አባባም ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ደረጃ ሲወጡ ይማረራል። ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ሲሰሙ ስለ ራሳቸው ከመግቢያው ላይ እንዲሰፍር ያዘዙኝን ቃል በቃል አሰፍራለሁ፦ «መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ ፊታውራሪ ሽቶ ከተባለው ጨዋታ ጋር ያላቸው ግንኙነት ምንም የለም፤ አልነበረም፤ አይኖርምም።» ሰፍሯል።

ይህንን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለእማዬ ስለማነብላት፣ እሷም ነገር ከሥሩ ካልተጀመረ ስለማትሰማ፣ የምታውቀውን ብደግምብህ ታገሠኝ። በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት አንተ የኮሌጁን ኮምፒውተር፣ እኔ የትምህርት ቤት እርሳሴን ይዘን የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራን፤ ፊታውራሪ ሽቶን ወለድን። ማዕረጉን ራሱ ለራሱ የሰጠ፣ ሽቶ በጆግ የሚደፋ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያለች ሴት ሁሉ በእሱ የምትሞት የሚመስለው፣ አንዲቷም ዞር ብላ የማታየው ወንደላጤ። ተጫዋቹ «አንኳኳ»፣ «ጥቀስ»፣ «አልጋ ሥር ግባ» እያለ ያዝዘዋል። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ባል ይመጣል፣ ሱሪ ይቀራል፣ ፊታውራሪ ራቁቱን ወደ ሐይቅ ይገባል።

ክፍል ሁለት በሲዲ እየተገለበጠ ከባሕር ዳር እስከ ማክሰኝት በተዳረሰ ጊዜ ወሬው በሁዳዴ ጾም መካከል አባባ ጆሮ ገባ። ያስገቡት ጎረቤታችን አቶ ገድሉ ናቸው። የመሪጌታ ልጅ ሱሪ የሌለው ሰው ፈጥሮ በአባቱ ስም ይሸጣል አሉ። አባባ አልጮኹም፤ ዱላም አላነሡም። «ስሜን አውጣ» ብቻ አሉህ። አወጣህ። ከዚያ ወዲህ በስክሪኑ ላይ «ደራሲ፦ ግሩም» ተብሎ ቀረ፣ አባት እንደሌለው ሰው። ሦስተኛው ክፍል ሳያልቅ፣ ፊታውራሪ ማክሰኝት ገበያ የዶሮ ቆጥ ውስጥ እንደተደበቀ፣ አንተ አገር ለቀቅህ። እሱ እስከ ዛሬ እዚያው ቆጥ ውስጥ ነው። አንተም እስከ ዛሬ የምትደውለው ለእማዬ ነው፤ ለአባባ «ሰላም በይልኝ» ትላታለህ።

አሁን መልካሙ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ መጣ። ልጅ ሆኖ ክረምቱን አጎቱ ዘንድ ባሕር ዳር ሲያሳልፍ ፊታውራሪን ተጫውቶ ኖሯል። አድጎ የራሱን የጨዋታ ድርጅት ከፈተ፤ ሦስቱንም ክፍሎች ለስልክ አድሶ፣ ሦስተኛውን አስጨርሶ፣ አራተኛ ሊያሠራህ ይፈልጋል። «ሙዱን አንነካውም፣ ይመችሽ» አለኝ። ከዚያ መጀመሪያ የነካው ሱሪውን ነው። ውሉ ላይ ሙሉ ስምህን ከነአባትህ ይጠይቃል፤ እስከ ገና ካልፈረምህ ወደ ሌላ ሥራ እንደሚሄድ ነግሮናል። አንተ ደግሞ ሁለት መስመር ላክህ፦ «ያለ አባባ ፈቃድ ስማቸውን አልጽፍም። ያለ ስማቸውም አልፈርምም።» አጭርና ግልጽ ነው። ጣጣው ሁሉ እኔ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ አለበልን ለመንሁ፤ አርባ ዘመን ጀልባ የነዱ ሰው ስለሆኑ ማዕበል አይፈሩም። ቄስ ሀብተ ሥላሴን ለመንሁ፤ አባባ እሳቸውን አይቆጡም። ሦስተኛውን ስፈልግ አቶ ገድሉ ሳይጠሩ መጡ። «ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሊመልሰው ነው?» አሉ። ቅር ቢለኝም እውነት አላቸው።

ድንጋዩ ግን አከራከረን። አባቱን ያስቀየመ ልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ይቆማል። አንተ በርገን፣ ድንጋዩ ባሕር ዳር። አቶ ገድሉ «እዚያ አገር ድንጋይ የለም እንዴ? ተሸክሞ ፎቶ ይላክ» አሉ። ጋሽ አለበል ተቆጡ፤ ይቅርታ የሚደረግለት ትከሻ እንጂ ፎቶ አይደለም አሉ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ጥቂት አሰቡና እኅት ለወንድሟ ብትሸከም ነውር የለውም ብለው ፈረዱ። ነውሩ ባይኖረውም ክብደት አለው፤ ከሐይቁ ዳር ጥቁር ድንጋይ መርጠው ያሸከሙኝ ራሳቸው ናቸው። ስትመጣ የትከሻየን ካሣ እንነጋገራለን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገባን። አባባ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። «ተቀመጡ» አሉ። «ያመጣን ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም፣ እንደ ወጉ። አባባ ድንጋዩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ «ይቺ ደግሞ ምን አደረገች?» አሉ። ጋሽ አለበል የግሩም ድንጋይ መሆኑን አስረዱ። አባባ ማናችንም ያላሰብነውን ጠየቁ። «በደሉ ምንድን ነው? እኔ ወሬውን እንጂ ጨዋታውን አላየሁትም። ያላየሁትን በደል ይቅር ብል እግዜርንም እናንተንም ማታለል ነው።» ሁላችንም ወደ አቶ ገድሉ ዞርን። አቶ ገድሉ ወደ ማንጎው ዞሩ። ለካ እሳቸውም አላዩትም፤ ከባለቤታቸው ነው የሰሙት፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከወፍጮ ቤት።

ምን ይደረግ? ድንጋዩን ከትከሻየ አውርጄ አባባ ፊት አስቀመጥሁት፤ ላፕቶፔን አምጥቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥሁት፤ ክፍል ሁለትን ከፈትሁ። ፊታውራሪ ቁንዝላ ወርዶ የባለ ጀልባው ሚስት ደጃፍ ቆሟል። ከፊቱ ሦስት ምርጫ አለ፦ በሩን ገፍተህ ግባ፣ በመስኮት ዝለል፣ ሽቶ ጨምር።

ጋሽ አለበል ገና ከመጀመሩ የቁንዝላ ወደብ በዚያ በኩል አይደለም ብለው ተቃወሙ። አቶ ገድሉ ሽቶ እንዲጨመር አዘዙ፤ ተጨመረ፤ እንደገና አዘዙ። ሴትዮዋ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ እግሯን ስትታጠብ ቄስ ሀብተ ሥላሴ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ባልየው ከሩቅ ሲያስል ግን ከነጠላው ውስጥ «አልጋ ሥር! ኧረ አልጋ ሥር በሉት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በጨርቅ ውስጥ እንዴት እንደሚያዩ ለሊቃውንት ትቸዋለሁ።

ሱሪው ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ አባባ እጃቸውን አነሡ። አበቃልን አልሁ።

«ይህ ሰው ሰላምታ አያውቅም?» አሉ።

ቀጠሉም፦ «ሰው ቤት ገብቶ እንደምን ዋላችሁ ሳይል ወደ አልጋ! ሱሪውን ተዉት፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። ሰላምታ የሌለው ሰው ግን ከእኔ ቤት መውጣቱ ነው የሚያሳፍረኝ።» ጨዋታ ነው አባባ ብል፣ «ጨዋታ ያለ ሰላምታ የት አይተሻል?» አሉኝ። ከዚያም እንደ ዜማ ትምህርት አስጻፉኝ። ፊታውራሪ ደጃፍ ቆሞ ሳል ይበል። ቆቡን ያውልቅ። እንደምን ዋሉ ይበል፣ በእርስዎ እንጂ በአንቺ አይደለም። ልጆቹን ይጠይቅ፤ ከብቱን ይጠይቅ፤ ጀልባውን፣ የቆጋ መስኖውን ሽንኩርት፣ ባለፈው የታመሙትን አማቷን ይጠይቅ። ይህ ሳይፈጸም ምንም ምርጫ አይከፈትለት።

ለመልካሙ ደወልሁና አነበብሁለት። በማግስቱ ሞክሮ መልሶ ደወለ፤ በሳቅ መናገር አቅቶታል። ፊታውራሪ ገና አማቷ ዘንድ ሳይደርስ ባልየው ከች ይላል! ጨዋታው እንዲህ አስቆ አያውቅም አለ። አባባ ስልኩን ሰምተው «ምን ያስቀዋል? ሰላምታ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ባልየው ሲገባ ደግሞ ሰላምታው ከመጀመሪያው ይጀመር። ባል ነው።» ይህም ተጨምሯል።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ጋሽ አለበል ነገሩ የለዘበ መስሏቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው የስሙን ጉዳይ አነሡ። እንግዲህ መሪጌታ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለን ነበርና ስሙን ይስጡልን አሉ። አባባ በእርጋታ «ተቀምጣችኋል እኮ» አሏቸው። ሦስቱም ወደ ታች አዩ። ስክሪኑን ለማየት ጎንበስ ሲሉ፣ አንዱ በርጩማ፣ አንዱ ከመሬት በወጣ የማንጎው ሥር ላይ፣ አቶ ገድሉም የእማዬን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ገልብጠው፣ ከመጀመሪያው ሽቶ ጀምሮ ተቀምጠዋል። የሽማግሌ ጉልበቱ መቆሙ ነው፤ የእኛዎቹ ጉልበታቸውን ለፊታውራሪ ሽቶ አስረከቡ። ተነሥተው እንደገና ሊቆሙ ሞከሩ፤ እማዬ ከቤት ሆና ሳቀችባቸው።

አባባ ግን እንዲሁ አልሰደዷቸውም። «ስሜን የፈለገ ሰው ራሱ ሰላም ብሎ ይጠይቀኝ» አሉ። ቀጥለውም «በእናቱ በኩል ሰላም የሚለኝ ልጅ የፈጠረው ሰው በመስኮት ቢገባ ምን ያስደንቃል?» አሉ። ማንም አልሳቀም። ላፕቶፑን ከድንጋዩ ላይ አነሣሁ። ድንጋዩ ግን እስካሁን ማንጎው ሥር ነው፤ አባባ ከስፍራው አይነቃነቅ ብለዋል። ጧት ጧት ሲነጋ እዚያ ላይ ተቀምጠው አያቸዋለሁ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ ሥራው የአንተ ነው። ለእማዬ አትደውል፤ ለእኔም አትደውል። ለአባባ ደውል። ስልካቸውን የሚያነሡት ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹን ከሸኙ ወዲያ ነው። በስሙ አትጀምር፤ በውሉም አትጀምር። ጉልበታቸውን ጠይቅ፣ ተማሪዎቻቸውን ጠይቅ፣ ማንጎው ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ ጠይቅ። እሳቸውም የአንተን እጅ መሰንጠቅ ይጠይቁሃል፤ እማዬ ስትነግረኝ ሰምተዋል፤ ቅባት ግዙለት ብለው ነበር። የሱሪው ክርክር በእኔ ይሁን፤ ወደ ቡኒ ሳልመልሰው አልተኛም።

እማዬ አጥብቃ ሰላም ትልሃለች፤ የሱፍ ካልሲ አድርግ ብላለች። ጋሽ አለበል ሰላም ይሉሃል፤ የቁንዝላ ወደብ በአዲሱ ክፍል እንዲስተካከል ያሳስባሉ። አቶ ገድሉ ሰላም ይሉሃል፤ ከአሁን በኋላ ያላዩትን እንደማያወሩ ምለዋል፤ መሐላውን ግን አላየሁም። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ቡራኬ ልከውልሃል፤ ፊታውራሪ ከዶሮ ቆጡ ይወጣ እንደሆነም ጠይቀዋል። ለራሳቸው አይደለም፤ ጠይቁልኝ ያላቸው ሰው አለ።

እኅትህ ዜማ።
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

እርማት። ይህ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት ለእማዬ ሲነበብ አባባም በር ላይ ቆመው ያዳመጡ ስለሆነ፣ በቃላቸው መሠረት የሚከተለው ተስተካክሏል። አንደኛ፣ ሱሪ ከሰላምታ መቅደሙ ስሕተት ነው፤ ጸሐፊዋ ተገሥጻለች። ሁለተኛ፣ በመግቢያው ላይ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ ፊታውራሪ ሽቶ ከተባለው ጨዋታ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም ተብሎ የሰፈረው ተሽሯል። የፊታውራሪ ሰላምታ ደራሲ እሳቸው መሆናቸው ስለታወቀ፣ ስማቸው እንደ ወጉ ከልጃቸው ስም ቀጥሎ ይጻፍ። ስልኩ ግን አይቀርም።