ግራ እጇን ስላልዘረጋችው እህቴ

ታኅሣሥ 9 ቀን 1962 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክቡር የሆስፒታሉ ዋና አስተዳዳሪ፣

እንደምን ከርመዋል? እጅዎ የተሰጠውን ሁሉ ፈጥኖ የሚይዝ፣ ዓይንዎ የሰውን ፊት ቀጥ ብሎ የሚያይ፣ አንደበትዎም ለተጠየቀው ሁሉ ሳይዘገይ የሚመልስ እንዲሆን ከልቤ እመኝልዎታለሁ። ሰው ደኅና የሚባለው እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉለት ብቻ መሆኑን እርስዎ በሚያስተዳድሩት ቤት ተምሬአለሁና።

እኔ አገኘሁሽ ተስፋው እባላለሁ። አገሬ ዋግ፣ ፃግብጂ ነው፤ ሰቆጣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። በልጆች ክፍል ከመስኮቱ ሥር የተኛችው፣ ራሷን የተላጨችው የሰባት ዓመት ልጅ ይመኙሻል ታናሽ እህቴ ናት። ይህን ደብዳቤ በበሩ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ለድፍረት አይደለም። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ አባት እንጂ እህት አታመለክትም ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛውን እዚህ ድረስ ያመጡን አጎቴ ገብረ አምላክ ፈርመውልኝ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው ለአጨዳ አገር ስለገቡ አመልካቹ ራሱ ይቅረብ ተባለ። ሦስተኛው ከመዝገብ ቤት ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣም። ጠያቂዎች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ የሚያነቡት ነገር ስለሌላቸው፣ ቢያንስ እነሱ ያነቡልኛል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ያለ ምንም ሽሙጥ የማመሰግነው አለኝ። በቅሎ ራሷን ከረገጠቻት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀኝ ጎኗ ሰንፎ፣ አልነቃ ብላ፣ በቃሬዛ እስከ ሰቆጣ፣ ከዚያም በጭነት መኪና እዚህ ስናደርሳት፣ ሐኪሙ ራሷን ከፍተው የረጋውን ደም አውጥተውላታል። በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀችኝ። እኒህ ሐኪም አሁን ለእረፍት አገራቸው ሄደዋል። እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርኩዎ ነበር። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ እጅና እግር በሚያለማምዱት በአቶ ብዙነህ ፈተና ላይ ነው።

አንደኛ፤ አቶ ብዙነህ አልጋው አጠገብ ቆመው ብርቱካን ዘረጉላትና «የኔ ቆንጆ፣ በይ በግራሽ ያዢ!» አሏት። በአገራችን ልጅ ከታላቅ እጅ የሚቀበለው በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ግራን ብቻ መዘርጋት ስድብ ነው፤ እናታችን ደብሬ ይህንን ያስተማረቻት ገና በአራት ዓመቷ፣ በቁንጥጫ ነው። ይመኙሻል ቀኟን ልታነሣ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ግራዋን ብቻዋን ከምትዘረጋ ብላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀቻት። አቶ ብዙነህም በካርዷ ላይ «ግራ እጇም አይታዘዝም» ብለው ጻፉ። ጽሕፈታቸው እጅግ ግልጽ ስለሆነ አመሰግናለሁ፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ሳይቸገር ያነበዋል። እኔም ከራስጌዋ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም፤ ይህንን በእርስዎ ላይ አላመካኝም።

ሁለተኛ፤ «እዪኝ እንጂ!» ሲሏት ወደ ምድር አየች። የታላቅን ዓይን ቀጥ ብሎ ማየት እኛ ዘንድ ጥጋብ ነው። «ዓይኗ አይከተልም» ተባለ። ማታውን ለእኔ የነገረችኝ ግን የአቶ ብዙነህ የግራ ጫማ ማሰሪያ ተበጥሶ ሁለት ቦታ መቋጠሩን ነው። በማግስቱ አየሁት፣ እውነቷን ነው። በዚህ አጋጣሚ አዲስ ማሰሪያ እንዲገዛላቸው በትሕትና አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፤ የአባቷን ስም ጠየቋት። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ቃል የሚመጣላት ቀስ ብሎ ነው፤ እኔ በልቤ እስከ ዐሥር ስቆጥር ይደርሳል። እሳቸው እስከ አምስት ጠብቀው ወደሚቀጥለው አልጋ ዞሩ። ይመኙሻልም «ተስፋው» ብላ ለጀርባቸው ነገረችው። ከእኔ ጋር ስንሆንማ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ስትነዘንዘኝ ትውላለች፤ ትናንት «አንቺ ሰነፍ፣ ፀጉሬን ተንከባከቢው እንጂ፣ እስካሁን ያልበቀለው በአንቺ ስንፍና ነው» ብላኛለች።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን የእርስዎ ትእዛዝ ነው። በሚመጣው ሰኞ «ከዚህ በላይ የማትሻል» ተብላ እንድትወጣ፣ አልጋውም ለሚሻለው ልጅ እንዲሰጥ ፈርመዋል። ለሚመጣው ልጅ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ይመኙሻል አሁን የአልጋውን ብረት ይዛ አምስት እርምጃ ትሄዳለች፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ነበር። ከመኪናው መውረጃ እስከ ቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ እዚያ የሚያለማምዳት የለም። ወረቀቱን የደብራችን ቄስ ያነቡታል፤ ማኅተም አለበትና አገሩ ሁሉ ያምነዋል። ከዚያ በኋላ ተነሺ የሚላት አይኖርም። ያጎርሷታል፣ ያዝኑላታል፣ ግድግዳ ተደግፋ ታረጃለች። እኔ የምፈራው በሽታውን ሳይሆን ይህንን ወረቀት ነው።

ሌላም ፈተና መደረጉን ላሳውቅዎ ይገባል። የሰቆጣዋ ነጋዴ ወይዘሮ ሸምሲያ ባለቤታቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ እኛንም ሳያዩ አያልፉም። ነገሩን ሲሰሙ ሦስት ፍሬ ቴምር አልጋው ላይ አስቀመጡና ወደ መስኮቱ ዞረው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ዞር ሲሉ ቴምሩ የለም፣ የይመኙሻል ግራ ጉንጭ ተወጥሯል። «እጇ የማይሠራው ይቺ ናት?» ብለው እስኪያስሉ ሳቁ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ማን ሰፋው? ንገሪያቸው እንጂ!» አሉኝ። ወይዘሮ ሸምሲያ የሕክምና ትምህርት ስለሌላቸው ውጤቱ በካርዱ ላይ አልሰፈረም።

እንግዲህ የምለምነው ከሰኞ በፊት አንድ ጊዜ እንደገና እንድትፈተን ነው። ብርቱካኑ ከእጅ አይሰጣት፣ ብርድ ልብሱ ላይ ይቀመጥላት። ፈታኙ ዞር ይበሉላት። ስትጠየቅም እስከ ዐሥር ይቆጠርላት። መሣሪያ ከውጭ አገር ማስመጣት አያስፈልግም፤ ብርቱካኑን እኔ አመጣለሁ። ካልያዘችው በራሴ እግር መጥቼ ወረቀቱን እቀበላለሁ።

ታክቶኛል፤ ከአልጋዋ ሥር ተኝቼ ዛሬ አርባ አንድ ቀኔ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ቃል ካለ ለድካሜ ይተዉልኝ። ሥራ በዝቶብዎ ሳለ ያላዩትን ልጅ ለማሰናበት ጊዜ ስለሰጡ እጅ ነሥቼ፣ ለዚህ ደብዳቤም ያንኑ ያህል ጊዜ እንዲሰጡልኝ እየተማጸንኩ፣ በሰፊው ደጅዎ ከሚቆሙት ሁሉ ታናሿ፣

አገኘሁሽ ተስፋው

ማስታወሻ፤ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዎ የገባችው ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች ልጅ እኔ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ «ምን ፈለግሽ?» አሉኝ፤ እኔም ምንጣፍዎን እያየሁ ዝም አልኩ፤ ለጸሐፊዎም «ይቺም አትሰማም መሰለኝ፣ አስወጧት» አሉ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። እባክዎ፣ ለእኔ ካርድ ተከፍቶልኝ እንደሆነ አብረው ያርሙልኝ።