ክሩዝ ኮንትሮል ለአባዬ ዲኤክስ

ማክሰኞ

መካኒኩ ሙህዲን «አብደሻል» አለኝ። ሳቀ። ከዚያ የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። እሺ ብሏል ማለት ነው!

ለአባዬ አሮጌ ዲኤክስ ክሩዝ ኮንትሮል ልንገጥምላት ነው። ፍጥነቱን አንዴ መርጦ እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ማንሳት፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የምትጠብቀው መኪናዋ ራሷ ናት። ዲኤክስ ስትሠራ እንዲህ ያለ ነገር አልነበራትም። አሁን ግን ሆዷ ውስጥ ያለው ሞተር የራሷ አይደለም። የድሮው አምና ሲሞት፣ ሙህዲን ከተጋጨ ቪትዝ የወጣ ሞተር ከነካምቢዮው ገጥሞላታል። ይሄኛው ነዳጅ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ትናንት ስለ እሱ ሳነብ፣ የክሩዝ ነገር እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አብሮ እንደተሠራ አወቅኩ። የሚጎድለን ማዘዣ ቁልፉና ጥቂት ሽቦ ብቻ ነው! ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች አዩኝ። ይዩኝ።

አባዬ አልሰማም። ዕድሜውን በሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ቀኝ ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ከልደታ ርቆ አያውቅም። ሐኪሙ መንዳት አልከለከለውም። ፔዳል መርገጡ አያመውም፤ የሚያመው እግሩን አንድ ቦታ ላይ አድርጎ ሲቆይ ነው። ባለፈው ሳምንት «ይቺን መኪና ሽጧት፣ ቆማ ከምትዝግ» አለን። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

ረቡዕ

ከሥራ በቀጥታ ወደ ተክለ ሃይማኖት። (ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ነው የምጠግነው። ዛሬ ሁለት የኦክስጅን ማሽን አስነሳሁ፣ እጄ ቀንቶታል።) ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ማዘዣ ቁልፉን አገኘሁት! ሻጩ «የዝናብ መጥረጊያ ነው» ብሎ ማለልኝ። አልተከራከርኩም።

ከዚያ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሙህዲን ጋራዥ። ቁልፉን መሪው ሥር አሰርነው፣ ሽቦውን በየድኩ። ቀና ስል አባዬ ከነከዘራው በሩ ላይ ቆሟል። ከቤታችን፣ ከጌጃ ሰፈር ድረስ በእግሩ! ማን እንደነገረው እንጃ።

አስረዳሁት። «ነዳጁን እሷ ከሰጠች እኔ ምን ልሆን ነው? ተሳፋሪ?»

ሙህዲን «ጋሽ ግርማ፣ መሪውም ፍሬኑም የእርስዎ ነው» አለው። «እግርዎን ነው የምታሳርፍልዎት።»

 አባዬ ወንበር አምጡልኝ አለ፣ እስክንዘጋም አልተነሳም።

ሐሙስ

አይሠራም።

መኪናዋን ክሪክ ላይ ሰቅለን የፊት ጎማዎቹን በአየር ላይ አሽከረከርናቸው። ቁልፉን ስጫን ምንም የለም። ፊውዝ? ደህና። ሽቦዎቹ? ደህና። ቁልፉ? ደህና። እኔ? ደህና አይደለሁም። አባዬ «ተዪው ልጄ» አለኝ። እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ከሚናገረኝ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ገባኝ!

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀምጫለሁ። የፍጥነት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ እኛ ግን እንበራለን። የእኛም ሞተር እኮ እንደዚህ ነው! ምን ያህል እንደሚሮጥ የሚነግረው የለም። የማያውቀውን ፍጥነት እንዴት አድርጎ ይጠብቅ? ቪትዝ ላይ እያለ ወሬው የሚደርሰው በዳሽቦርዱ በኩል ነበር፤ የዲኤክስ ዳሽቦርድ ደግሞ ይህን ቋንቋ አይናገርም። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ፣ መውረጃዬ ሳይደርስ። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ለሙህዲን ደወልኩ።

ማታ ከካምቢዮው አዲስ ሽቦ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋን። ጎማዎቹን እንደገና ሰቀልናቸው። ማዘዣውን ተጫንኩ፣ መሪው ጋ የተቀመጠው ሙህዲን እግሩን ከነዳጁ አነሳ፣ ፍጥነቱ ባለበት ጸና! እየዘለልኩ ሙህዲንን በቅባት እጄ አቀፍኩት።

ከዚያ ሙህዲን ፍሬኑን ቀስ ብሎ ነካ አደረገው። ሞተሩ ነዳጁን አልለቅም አለ። እያጓራ ከፍሬኑ ጋር ታገለ። ሙህዲን ቶሎ የመኪናዋን ቁልፍ አዙሮ አጠፋው።  አባዬ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮስ?

ሙህዲን የመኪናዋን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። «ይሄ ሳይስተካከል አልሰጥሽም።» ልክ ነው።

ቅዳሜ

አገኘነው። ሞተሩ ሲቀየር ከፍሬን መብራቱ ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ የነበረበት ሽቦ አልተገናኘም። እስካሁን የሚፈልገው ስላልነበረ ማንም ልብ አላለውም። አገናኘነው። አሁን ፍሬኑ ገና ሲነካ ክሩዙ ይለቃል። እኔ ሞከርኩ፣ ሙህዲን ሞከረ፣ እንደገና እኔ። በማዘዣ ቁልፉም አስለቅቀን ደግመን ሞከርን። ከዚያ በቀለበት መንገድ ዞረን መጣን፤ አንድም ጊዜ አላሳፈረችንም። ሙህዲን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ ሳይሆን ለአባዬ ሰጠው።

አባዬ «ነገ ቢሾፍቱ ደርሰን እንመለሳለን» አለ። 

እሑድ

እስከ ፍጥነት መንገዱ መግቢያ እኔ ነዳሁ። እዚያ ተቀያየርን። አባዬ ወንበሩን አስተካከለ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ አማተበ። ሰማንያ ሲደርስ «አሁን?» አለኝ። «አሁን።» ተጫነ። እግሩን አነሳ... መኪናዋ አልቀነሰችም።

ወለሉ ላይ የተዘረጋውን እግሩን አየው፣ መንገዱን አየው። ሳቀ! ይሄን ሳቁን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ፍሬኑን ነካ አድርጎ አስለቀቀ፣ መልሶ ያዘ፣ ደግሞ አስለቀቀ። እንደ ልጅ። አንድ ከባድ መኪና ስናልፍ እጁን አውጥቶ ለሹፌሩ ሰላምታ ሰጠ።

የቢሾፍቱ መውጫ መጣ። አለፈው።

«አባዬ! መውጫው!»

«አይቼዋለሁ።»

እማዬ ደወለች። «ምሳ አቀርባለሁ፣ የት ደረሳችሁ?» እኔ ምን ልበላት? ስልኩን አባዬ ጆሮ ላይ ያዝኩለት። «ምሳችሁን ብሉ» አላት።

ይሄን የምጽፈው አዳማ፣ የአባዬ ታላቅ እህት ቤት ሆኜ ነው። አክስቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ በሹፌሩ በር በኩል የሚወርደውን። ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም ጨመርኩበት። ውስጥ ሲገባ «ጉልበትህስ?» አልኩት። «የትኛው?» አለኝ።

ነገ ጠዋት ሥራ እንዳለብኝ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ በጣም የገባው መስሎ። ትንሽ ቆይቶ አክስቴን ሲጠይቃት ሰማሁት፦

«የድሬዳዋ መንገድ አሁን እንዴት ነው?»